ማየት ዕዳ ነው

በአገራችን ወንድ ሕፃን የታቀፈውን እንግዳ ድንገት ሽቅብ ሲሸናበት የሚቆጣ ሰው አላየሁም። እናት ለወጉ ያህል «ውይ! ውይ!» እያለች ጨርቅ ፍለጋ ትሮጣለች፤ አያት ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ግድ የለም፣ ሰርጉን ትበላለህ» ብለው ነገሩን ይገላግሉታል። ሸሚዙ የራሰበት ሰውዬም ስቆ ያልፋል። እኔም በዕድሜዬ ሦስት አራት ጊዜ ተሸንቶብኛል፤ የአንደኛውንም ሰርግ በልቻለሁ።

ያ ሽቅብ የሚወረወር ቀጭን ውኃ የጤና ምስክር መሆኑን ያወቅሁት ግን ከጊዜ በኋላ ነው። ሽንታቸው የማይወረወር፣ ጠብ ጠብ የሚል፣ አንዳንዴም ጭራሹን እምቢ የሚል ወንዶች ሕፃናት አሉ። ከሽንት ፊኛቸው በታች፣ ሽንት በሚወርድበት ቧንቧ ውስጥ፣ መኖር ያልነበረበት ስስ ገለፈት ተዘርግቶ መንገዱን ይዘጋዋል። ሐኪሞች ከ5,000 እስከ 8,000 ከሚወለዱ ወንዶች በአንዱ ላይ ይገኛል ይላሉ። እንዲህ ሲሰሙት ጥቂት ይመስላል። በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ልጅ በሚወለድባት በኢትዮጵያ ግን ይኸው «ጥቂት» ሲደመር በየዓመቱ መቶዎች ይሆናል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከቃላት ጋር ስታገል ነው። ስለዚህ ስለ ቀዶ ሕክምናው ላስተምራችሁ አልነሣም። የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ ያ ገለፈት የሚያስከትለው ጉዳት ልጁ ሳይወለድ በመስኮት ላይ ይታያል። ለመሆኑ ገና ስም ያልወጣለትን ሰው ሕመም ያየ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ካየ በኋላ ማድረግ ያለበት ምንድን ነው? መናገር? ዝም ማለት? ቢላ ማንሣት?

ጥያቄው ባዶ ክርክር እንዳይሆን የነገሩን አካሄድ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፅንስ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ ይሸናል። ከአራተኛው ወር ገደማ በኋላ በዙሪያው ያለው የእንሽርት ውኃ አብዛኛው የራሱ ሽንት ነው። ያንኑ ውኃ መልሶ ይውጠዋል፤ ወደ ሳንባውም ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል። ሳንባው በደንብ የሚያድገው በዚህ ነው። እኛ እንደ ቆሻሻ የምንደፋው ነገር እዚያ ውስጥ የትንፋሽ መማሪያ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ መውጫው ሲዘጋ ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ሽንቱ ወደ ኋላ እየገፋ ፊኛውን ይወጥራል፤ ኩላሊቱን ያሳብጣል፣ ውሎ አድሮም ያበላሸዋል። በዙሪያው ያለው ውኃ ደግሞ እየተሟጠጠ ይሄድና ሳንባው ሳያድግ ይቀራል። የሚገርመው፣ ልጁ እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ይህ ሁሉ አይታወቀውም። በእትብቱ በኩል እናቱ ሳንባም ኩላሊትም ትሆንለታለች። ጭንቁ የሚጀምረው ሲወለድና ራሱን ሲችል ነው።

ቋንቋችን ይህችን ሴት «ነፍሰ ጡር» ይላታል። «ጡር» የሚለው ከግእዙ «ጾረ»፣ ተሸከመ ከሚለው የመጣ ነው፤ ነፍስ የተሸከመች እንደ ማለት። በዚህ ሕመም ግን ሸክሟ ከተራው ሸክም ይለያል። የራሷን ጨርሳ ለልጇም ታጣራለች፤ እሷ ጤነኛ ናት፣ የታመመው ውስጧ ነው።

ለዘመናት ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ልጁ ይወለዳል፤ በሰዓታት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያልፋል፤ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ተብሎ ይቀበራል። አልትራሳውንድ ሲመጣ ግን የአርባ ቀን ዕድል የሚባለው ነገር በመስኮት ላይ መታየት ጀመረ። ያየ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆኑት ማይክል ሐሪሰንና ባልደረቦቻቸው ከዚያ በፊት ያልተደፈረ ነገር አደረጉ። የአንዲት እናት ማኅፀን ከፍተው፣ መውጫው የተዘጋበትን ፅንስ ሽንት የሚፈስበት መንገድ አበጁለት፤ መልሰውም ማኅፀኗን ሰፉ። እርግዝናው ቀጠለ። ልጁ ሲወለድ ግን ሳንባው ለመኖር የሚያበቃ አልነበረም፤ ሞተ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከቀዶ ሕክምናው በላይ ይደንቀኛል። በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ ሐኪሞች ከተለያዩ አገሮች ካሊፎርኒያ ተሰብስበው ራሳቸው በራሳቸው ላይ ሕግ አወጡ። ሌላ ከባድ ጉድለት ያለበት ፅንስ ላይ አይሞከር፤ ብዙ ዓይነት ባለሙያ ሳይስማማ አይሠራ፤ ቤተሰቡ በደንብ ይነገረው፣ ለረጅም ጊዜ ክትትልም ይስማማ፤ ውጤቱ መልካምም ይሁን ክፉ በአንድ መዝገብ ይስፈር አሉ። መቻላቸው ገና ጡት ሳይጥል ልጓም አበጁለት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ባይሰሙትም በሥራ አውቀውታል።

ቆይቶ ማኅፀን መክፈት እየቀረ፣ በእናቲቱ ሆድ ላይ መርፌ አሳልፎ ከፅንሱ ፊኛ ወደ እንሽርት ውኃው የምታፈስ ትንሽ ቱቦ ማስቀመጥ ተለመደ። መላው ያምራል። ይረዳል ወይ? ይህን ለመለየት በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በኔዘርላንድ ፕሉቶ የተባለ ጥናት ተጀመረ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። 150 እናቶች ይገኛሉ ተብሎ ታስቦ የተገኙት 31 ብቻ ናቸው። ቱቦው ከታሰበላቸው 16 ሕፃናት 8ቱ፣ ካልታሰበላቸው 15ቱ ደግሞ 4ቱ ከተወለዱ በኋላ 28 ቀን ደፈኑ። እሰየው ለማለት አፋችንን ስንከፍት ሌላው ቁጥር ይመጣል፤ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ኩላሊታቸው ጤነኛ ሆኖ የተገኙት ከሁሉም 2 ሕፃናት ብቻ ናቸው። ቱቦው ለአንዳንዱ ትንፋሽ ሰጥቷል፤ ኩላሊት ግን ለመስጠት የዘገየ ይመስላል። ከቦታው መንሸራተቱና ምጥ ያለ ጊዜው ማምጣቱም ሌላ ጣጣ ነው።

እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ የተደራጁ ሆስፒታሎች ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ማየት ቀድሞ ደርሷል፤ መቻል እያነከሰ ይከተለዋል። በመካከል ያለችው ደግሞ እናት ናት። መርፌው በእሷ ሆድ ያልፋል፤ ምርጫውም ሌሊቱም የእሷ ነው። ስለዚህ «ለልጁ ሲባል የተቻለው ሁሉ ይደረግ» የሚለውን ንግግር ስሰማ እጠራጠራለሁ። «የተቻለው ሁሉ» ሲባል የማን ሥጋ ላይ እንደሚደረግ አብሮ መነገር አለበት።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። እኛ ዘንድ ማየትና መቻል የሚራራቁት በሌላ መንገድ ነው። አልትራሳውንዱ ከብዙ ነገር ቀድሞ በየክሊኒኩ ገብቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል። መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው ያየውን ለሰው የሚናገረው ሰው ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እዚያ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቤቴ መጣች። እሷም መምህርት ናት። ተመርምራ የተነገራትን ቃል በቃል አስታወሰችልኝ። «ወንድ ነው። ኩላሊቱ ላይ ውኃ አለ። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሺ።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ የለም፣ ጋሼ። ቀጣይዋ ተጠራች።»

ዐሥር ቃል ነው። በዐሥር ቃል ውስጥ አንድ ልጅ ተፈረደበት፣ ወይም ነፃ ወጣ፤ የትኛው እንደሆነ አልተነገራትም። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት በቤቷ የተሰበሰበውን ምክር ብትሰሙ! አማቷ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ ሌላውን ተይው፣ ስትናገሪው ይብሳል» አሉ። የባሏ ወንድም «ውጭ አገር እንላካት» አለ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገራትም። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ጠጋ ብላ «ሳይመሽ ገላገል በዪ» አለቻት። ሁሉም ወዳጆቿ ናቸው። አንዳቸውም ግን ስለ ምን እንደሚናገሩ አያውቁም ነበር።

ይህን የምለው ለምን መሰላችሁ? «ኩላሊቱ ላይ ውኃ አለ» የሚለው አረፍተ ነገር ፈጽሞ የማይገናኙ ዕጣዎችን በአንድ ከረጢት የሚከት ነው። ከ100 እርግዝና ከ1 እስከ 5 በሚሆነው ላይ የፅንሱ ኩላሊት ሰፋ ብሎ ይታያል። አብዛኛው ቀለል ያለ ነው፤ ከመወለዱ በፊት ወይም ከተወለደ በኋላ ያለ ምንም ቢላ ራሱ ይስተካከላል። አንዳንዱ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላኛው ኩላሊት በቂ ሥራ ይሠራል። ጥቂቱ ግን ከላይ የነገርኳችሁ ነው፤ ሁለቱም ኩላሊት ያበጠ፣ ፊኛው የተወጠረ፣ የእንሽርት ውኃው የጎደለ። የመጀመሪያዋ እናት ሄዳ መተኛት አለባት። የመጨረሻዋ ዛሬውኑ የሚያውቅ ሰው ዘንድ መድረስ አለባት። ሁለቱም ግን የሚሰሙት ያንኑ ዐሥር ቃል ነው።

በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ያልጠራ ቃል የሚያስከፍለው ነጥብ ነው። እዚህ ግን ሕይወት ያስከፍላል፤ ያውም በሁለቱም በኩል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 551 እርግዝና ማቋረጥ ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ፅንሱ ሊድን የማይችልና ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት መሆኑ ነው ይላል። በዚህ አንቀጽ ላይ ያላችሁን አቋም አልጠይቃችሁም፤ ሃይማኖታችሁና ሕሊናችሁ ያውቃል። ነገር ግን «ሊድን የማይችል» እና «ከባድ» የሚሉት ቃላት ሚዛን ይፈልጋሉ። ሚዛኑ ሲጎድል፣ ራሱ ሊስተካከል የሚችል ልጅ በፍርሃት ብቻ ሊቀር ይችላል። ወይም ደግሞ ለመኖር የሚያበቃ ሳንባ የሌለውን ልጅ እናቱ «ምንም አይደለም» እየተባለች፣ ልብስ እየገዛችለት፣ እስከ ዘጠኝ ወር ልትሸከመው ትችላለች። ሁለቱም ግፍ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ቆመው ሁሉን አውቀው የወሰኑትን እናቶች፣ በየትኛውም በኩል ቢወስኑ፣ ለመፍረድ የሚያበቃ አፍ የለኝም። ሳታውቅ እንድትወስን የተተወችው ናት የምታንገበግበኝ።

አንድ ሐኪም ወዳጄ ይህን ሳጫውተው ቆጣ አለ። «አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጽፋለህ። እኔ ደጅ ላይ ሠላሳ ሴት ቆማ እየጠበቀችኝ፣ ለማላክመው ነገር አንዷን ይዤ ላስለቅሳት? ባትሰማው አይሻላትም?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ጭንቀት በሽታ ነው፤ መፍትሔ የሌለው ዜና መንገር ደግሞ አንዳንዴ ጭካኔ ነው።

ነገር ግን ክርክሩ የቆመበት መሠረት ልክ አይመስለኝም። «የማላክመው» ያለው ነገር በአመዛኙ ማኅፀን ውስጥ ያለውን ነው። ከተወለደ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሕክምና እኮ ውድ አይደለም። ልጁ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው ወደ ፊኛው ይገባል፤ የታፈነው ሽንት ይወጣል፤ ኩላሊት ይተነፍሳል። ኢንፌክሽን እንዳይገባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ደሙ ይመረመራል። ሲረጋጋ ገለፈቱ በቀጭን መሣሪያ ይቆረጣል። ለአራስ የሚሆን ያ ቀጭን መሣሪያ በሌለበት ደግሞ የቀዶ ሐኪሙ ፊኛውን ከእምብርት በታች ባለው ቆዳ ላይ ከፍቶ ሽንቱ በዚያ በኩል ጨርቅ ላይ እንዲወርድ ያደርጋል። ለዓይን አያምርም፤ ለጎረቤት ማስረዳቱም ይከብዳል። ግን ለኩላሊቱ ዓመታት ይገዛለታል፤ በኋላም ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ ልጁ የት እንደሚወለድና ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ከታሰበ ነው። ያልተነገራት እናት በቅርቧ ባለ ጤና ጣቢያ ትወልዳለች፤ ልጁ «ደህና» ተብሎ ይሸኛል፤ በሁለተኛው ወር ትኩሳት ይዞት ይመጣል። ያኔ ኩላሊቱ አልቋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። መሣሪያውን ሆዷ ላይ ያሳረፍክ ቀን ዕዳ ገብተሃል። ማንም አላስገደደህም፤ አንተ ነህ ልይ ያልከው። ዕዳህ ተአምር መሥራት አይደለም፤ እሱን ሳን ፍራንሲስኮም አልቻለችውም። የመጀመሪያው ክፍያ የጠራ ቃል ነው። አንድ ወገን ነው ሁለት? ፊኛው ይሞላል፣ ይጎድላል ወይስ እንደተወጠረ ነው? የእንሽርቱ ውኃ በቂ ነው? ሁለተኛው ክፍያ ስምና ቀን ነው፤ ማን ዘንድ ትሂድ፣ መቼ ትሂድ። ለዚህ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ዐሥር ደቂቃ ከሌለህ፣ ዐሥር ደቂቃ ያለው ሰው ዘንድ የምትልክበት ወረቀት ይኑርህ።

ወዳጄ መልስ አልሰጠኝም፤ ሻዩን አማሰለ። «ወረቀቱ እንኳ ይቻላል» አለ በመጨረሻ።

ተማሪዬ በመጨረሻ ያገኘቻቸው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያንን ዐሥር ደቂቃ ሰጧት። ወረቀት ላይ ኩላሊትና ፊኛ ሣሉላት። ውኃው ቀንሷል ግን አልደረቀም አሏት። «ከማውቀው የማላውቀው ይበልጣል። ቱቦ የምታስገባውን ነርስ ግን ዛሬ አስተዋውቅሻለሁ» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ነበር መጀመሪያ ፈገግ ያለችው። ልጁ ተወለደ፤ በመጀመሪያው ቀን ቱቦው ገባ፤ ቆይቶም ገለፈቱ ተቆረጠ። ድኗል ብዬ ታሪኩን አላሳምረውም። አንዱ ኩላሊቱ ደካማ ነው፤ ፊኛው እንደ እኩዮቹ አይደለም፤ ሌሊት ይቀሰቀሳል፤ በየጊዜው ደሙ ይታያል። ግን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ይጫወታል፣ እናቱም ምን እንደምትጠብቅ ታውቃለች። ማወቋ ሕመሙን አልቀነሰውም፤ ብቻዋን እንዳትሆን ግን አድርጓታል።

የዕዳው ነገር ታዲያ ሐኪም ላይ ብቻ ተጭኖ የሚቀር አይደለም። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የወጣት ፎቶ ለጥፈው፣ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው፣ «ለኩላሊት ሕመምተኛ ወገናችን!» እያሉ የሚለምኑ መኪኖችን የማያውቅ የለም። እጃችንን እንዘረጋለን፤ ደግ ሕዝብ ነን። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ሲጀመርም ሁላችንም ተደስተናል። ተገቢ ነው። ነገር ግን ኩላሊቱ ካለቀ በኋላ ለሚያስፈልገው እጥበት አደባባይ የምንወጣውን ያህል፣ በተወለደ ዕለት ለምትገባው ቀጭን ቱቦ፣ ለአራስ ለሚሆነው መሣሪያ፣ እሱን ለሚይዘው እጅ መሠልጠን ድምፅ ማጉያ የሰቀለ ሰው አላየሁም። ያልደረሰ ጉዳት ፎቶ የለውም። ፎቶ የሌለው ነገር ደግሞ ልባችንን አይነካውም።

በየቤቱም ዕዳ አለ። ስለ ሽንት ማውራት ነውር ሆኖብን የልጁ ሽንት ጠብ ጠብ ማለቱን ለወራት ያየች ሞግዚት አትናገርም፤ አባት አይጠይቅም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያልን የምንተርተው እኛው ነን። ሲሸና የሚያምጥ፣ የሚያለቅስ፣ ሆዱ ከእምብርቱ በታች የጠጠረ፣ ትኩሳት የሚመላለስበት ወንድ ልጅ በቤታችሁ ካለ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ነፍሰ ጡር ዘመድ ካለቻችሁም «ወንድ ነው ሴት?» ብላችሁ ከጠየቃችኋት በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩላት፤ «ሌላስ ምን አሉሽ?» በሉ። ዐሥር ቃል ብቻ ከነገረቻችሁ ይዛችኋት ተመለሱ፤ አብራችሁም ግቡ።